ሰባተኛዋ ነጥብ

ሽማግሌው ምድር ቤቱ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ዓይኖቻቸው ከአናታቸው በላይ በተቀደደው የጣውላ ወለል ላይ እንዳፈጠጡ ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ እንደጨበጠ ነው። ቱቦው ውስጥ የነበረው ውሃ ድንጋዩ ላይ ፈስሷል።

መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ከንፈሩን በዝምታ አንቀሳቀሰ። ጸሎቱን ሳይጨርስ ጎንበስ አላለም። «ከአፉ ጆሮው ይበልጣል» የሚባልለት ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ከሰው በፊት ያዳመጠው ቤቱን ነበር። አሮጌው ቤት በምሥራቁ ግድግዳ በኩል፣ በሽተኛ ጎኑን ሲያዞር እንደሚያደርገው፣ ዝግ ብሎ ያቃስታል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ፖሊሱ፣ አናጺውን በክንዱ ይዞ። «ረቡዕ ዕለት ይህን ምሰሶ ከወለሉ ሥር ያቆመው እሱ ነው። ምሰሶው ተንሸራተተ፣ ወለሉ ተደረመሰ። ወህኒ ይወርዳል።»

«አራት ልጆች አሉኝ» አለ አናጺው ቀስ ብሎ። «ያን ምሰሶ ግን በሬ ቢገፋውም አይንሸራተትም።»

መርማሪው ወደ ፍርስራሹ ጎንበስ አለ። ወፍራሙ ምሰሶ ከግድግዳው ሥር ተጋድሟል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከፍርስራሹ መሃል ግን ከሁለት የተሰበረ ቀጭን የሞራሌ እንጨት አገኘ። ድንጋዩ ላይ ደግሞ የሳህን አፍ የሚያህል ክብ የግራሶ ምልክት አለ። በጣቱ ነካው፤ ገና አልደረቀም።

ላይ ቤት የሟቹ ልጅ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ይዛ ከድንጋዩ ደፍ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀችውም። ወለሉ ላይ በጠመኔ የተጻፉ ዘጠኝ ቁጥሮች አሉ፤ ሰባተኛው የነበረበት ቦታ አሁን ጉድጓድ ነው።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ።»

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲለካ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ወደ ራሱ ቤት ዞረ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንለካለን። እኔ ይህን ጫፍ ደፉ ላይ እይዛለሁ፤ ደፉ አይንቀሳቀስማ። እሱ ያንን ጫፍ ይዞ ከነጥብ ነጥብ ይሄዳል። ውሃው ሁለቱም ጋ እኩል ስለሚቆም፣ ወለሉ የት ጋ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ያሳየናል።»

«ሊረግጡት አይፈሩም ነበር?»

«ሕግ ነበረው። አንድ እርምጃ ወደኋላ ተንበርክኮ ይለካል። በሳምንት ከሁለት ሚሊ በላይ የወረደ ነጥብ አይረገጥም።»

«ዛሬ ሰባተኛዋ ላይ ምን አሉ?»

«‹ሠላሳ አንድ› አለ። ሳቀ። ‹ተመስገን፣ ቤቱ ቀና አለ። የአናጺው እጅ ይባረክ› ብሎ ተራመደ።»

መርማሪው ልኬቱ የሚጻፍበትን ደብተር ከእጇ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አጥር ተሻገረ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ተቋራጭ ነው፤ ከቤቱ ጎን የፎቅ መሠረት ያስቆፍራል። ጉድጓዱ የወንድሙን ግድግዳ ሥር ሊልስ ምንም አልቀረውም።

«ነፍሱን ይማር፣ ወንድሜ ልክፍት ነበረበት» አለ ተቋራጩ። «ሰፈሩስ ‹አባባ ሚሊሜትር› ይለው የለ? ባንድ ሚሊ ከሰው ይጣላል።»

«ከእርስዎም ጋር?»

«‹ቁፋሮህ ቤቴን እያሰመጠው ነው፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አስቆምሃለሁ› ይለኝ ነበር። አሮጌ ቤት መቼም ማንም ሳይነካው ይሰምጣል።»

«ልኬቱን አሳይተውዎት ያውቃሉ?»

«የዛሬ ወር አንድ ወረቀት ሰጥቶኛል። የት እንደጣልኩት እንጃ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላይ ቤት፣ በተደረመሰው ወለል ጉድጓድ ዙሪያ ቆሙ።

«ምሰሶው አልተንሸራተተም፤ በሰው እጅ ተነሣ» አለ መርማሪው። «ትናንት አርብ ነበር። አባትና ልጅ እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ወጥተዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው። የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው በመኪና ማንሻ ክሪክ ወለሉን ደገፈ፣ ምሰሶውን አውጥቶ የሰው ክብደት የማይችል ሞራሌ ተካ።»

«አናጺውስ ክሪክ የለውም?» አለ ፖሊሱ።

«አለው። ይህን ያደረገው ሰው ግን ወለሉ ከተለመደው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሽማግሌው እንደማይረግጡት ያውቃል። ስለዚህ የቱቦውን አንድ ጫፍ ደፉ ላይ አስሮ እየለካ፣ ክሪኩን እየጠመዘዘ ልኬቱ ‹ደህና› እስኪል ድረስ ወለሉን ከፍ አደረገው። ደብተሩን እዩት። የዛሬ ወር ሰባተኛዋ ሠላሳ አንድ ወርዳ ነበር። ከዚያ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት። ረቡዕ አናጺው ሥራውን ሲጨርስ ሠላሳ አምስት። አናጺ፣ አንተ ለምን ከፍ አላደረግከውም?»

«አሮጌ ወለል ሽቅብ ከገፉት ይሰነጠቃል» አለ አናጺው። «ባለበት እንዲቆም ነው የምደግፈው። ሠላሳ አምስቱንም አብረን ነው ያነበብነው።»

«ይኸው ነው። አናጺው ወይም ልጂቱ ቢሆኑ ኖሮ ወለሉን ሠላሳ አምስት ላይ ያቆሙት ነበር፤ የሚያውቁት ቁጥር እሱ ነው። የገዳዩ ቁጥር ግን የወር ዕድሜ አለው። በአንድ ወረቀት ላይ ያየው ቁጥር ነው።»

ተቋራጩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በአንድ ቁጥር ሰው ይከሰሳል?»

«የወንድምዎ ቤት ቁልፍ አለዎት። ክሪክዎን መኪናዎ ውስጥ አገኘሁት፤ ግራሶው ሳይጠረግ። ወረቀቱም አልተጣለም፤ እጀታው ላይ ተጠቅልሏል፤ ሰባተኛዋ ተከብባለች።»

ተቋራጩ ወደ ጉድጓዱ አየ። «ሠላሳ አንድ ነበር ያለኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«ከዚያ ወዲህ አራት ወርዷል፣ ጋሼ» አለች የወንድሙ ልጅ። «አንተ ስትቆፍር።»

ፖሊሱ የአናጺውን ክንድ ለቀቀ። አናጺው ወደ ምድር ቤት ወረደና ምሰሶውን ተሸክሞ ወደ ቦታው መለሰ።

ተቋራጩ ከተወሰደ በኋላ ልጂቱ ቱቦውን ውሃ ሞላችው። ጫፏን ደፉ ላይ ያዘች፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝላት ግን አጣች። መርማሪው ባርኔጣውን አስቀምጦ ጫፉን ተቀበለ፤ ከስምንተኛዋ ነጥብ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተንበረከከ። ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል። ውሃው እየተንቀጠቀጠ ቆየና ረጋ።

«ያለፈው ቅዳሜ ስንት ነበር?» አለ።

«ሃያ ሁለት።»

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበ። ከግድግዳው በኩል ቤቱ አቃሰተ።

«ሃያ ሰባት» አለ። «ተነሺ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ፣ በመጣሽበት በኩል ውጪ።»