የኤልዳድ ኪቦርድ

ኤልዳድ የተገኘው ከወንበሩ ወድቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። የብረት የመብራት ማቆሚያ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ክራንቹ ግን እንደ ወትሮው ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሟል። የግማሹን ካዛንቺስ ፊት በኮምፒውተር ሲያሳምር የኖረ ሰው፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ ፎቶ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ።

ኢንስፔክተር ጃለኔ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ መስሎ ነበር። ሳጅን ቢቂላ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ጥፋቱ እጁ ከሐሳቡ መቅደሙ ብቻ ነው። ኤልዳድ ሙያውን ያስተማራትን ሐሴትን ይዞ ጣቢያ አስገብቷታል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ እናቷ ከጣቢያው በር ላይ አልነሣም ብለው ተቀምጠዋል።

«ሐኪሙ ከአምስት ሰዓት በኋላ በሕይወት አልነበረም ይላል» አለ ቢቂላ። «ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ የተነካካው አምስት ተኩል ላይ ነው። ማለቴ፣ ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ፎቶ ያስተካከለ ሰው አለ። ከሟቹ ሌላ ፕሮግራሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ትናንት ተጣልተው ነበር። ዛሬ ረፋዱን ደግሞ ‹ኡራኤል ደርሼ መጣሁ› ትላለች እንጂ ያያት ሰው የለም። በቃ።»

ጃለኔ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልትለው አሰበችና ተወችው። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። አሮጌ የካዛንቺስ ቤት ነው፤ የእንጨት በረንዳ፣ ሰፊ የመስኮት መስታወት፣ በሩ ላይ የቆሙ አዛውንት። ቤቱ ዛሬ ፈርሷል። ፎቶው ዓርብ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ በቸሩ ስም ይሰቀላል፤ ቸሩ የፎቶ ቤቱ ካሜራማን ነው። ምኑ እንደተነካ ግን አልታይ አላት፤ ኤልዳድ ዓይኑን ስለሚያመው ስክሪኑን አደብዝዞ ነበር የሚሠራው። ከላይ ባለው መስመር ላይ ፕሮግራሙ የሚቀባበት ብሩሽ ቀለሙ ምን ያህል ድፍን እንደሆነ ተጽፏል፤ ከመቶ ሠላሳ። ይህንን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች።

ከዚያ ላፕቶፗን አንጠልጥላ ጣቢያ ወረደች። ላፕቶፑ ላይ ያው ፕሮግራም አለ፤ ማንም ያልነካካው፣ እንደተጫነ ያለ። የራሷን የመታወቂያ ፎቶ ከፍታ ከሐሴት ፊት አኖረችው።

«እስቲ ይቺን ጠባሳ አጥፊልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ሆኖም ሥራ ሲሰጣት እጇ ረጋ አለ። በግራ እጇ ከታች ያለ አንድ ቁልፍ ጫን አደረገች። ብሩሹ ትልቅ በመሆን ፈንታ ወደ ማጉያ መነጽር ተለወጠ። ደግማ ጫነች፤ ያው ነው። ግራ ገባት።

«ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ እኔ የለመድኩት የጋሽ ኤልዳድን ነው። እሱ ቁልፎቹን ለራሱ እንዲመቸው አዛውሯቸዋል። የትናንቱም ጠብ በዚሁ ነበር። ሌላ ቦታ ብቀጠር ይስቁብኛል፣ ሰው የማያውቀው ነገር አስተምረኸኝ እጄን አበላሸኸው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«የጀመርኩትን ፎቶ ተቀብሎ ራሱ ጨረሰልኝ።»

ጃለኔ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስጻፈቻት። ቢቂላ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱን አነጋገረች። እያነጋገረችም ያንኑ ጠባሳዋን ለማጥፋት ትታገላለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አይናለም የላፕቶፑን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ረፋዱን ቤታቸው እንደነበሩ ተናግረው፣ ስለ ኤልዳድ ደግነት አውርተው አለቀሱ። የኅትመት ማሽኑን የሚያሠራው ሙሐሲን አገጩን በእጁ ይዞ፣ ማሽኑ ሲጮኽ ፎቅ ቢደረመስ እንኳ እንደማይሰማ ነገራት። አንዴ ብቻ፣ ከአምስት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል፣ ወረቀት ሊወስድ ወደ ኤልዳድ ክፍል ሲወጣ ደረጃው ላይ ከቸሩ ጋር ተገጣጥመዋል፤ ሬሳውንም ያገኘው ያኔ ነው።

ቸሩ መጨረሻ ገባ። መልከ መልካም፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ገና ከውጭ እየገባ እንደነበር፣ ኤልዳድን እንደ ወንድሙ ይወደው እንደነበር አስረዳ።

«ዓርብ የሚሰቀለውን ፎቶ ኤልዳድ ለምን ከፈተው?» ጃለኔ ይህን ስትጠይቅ ማውዙን ይዛ ሜኑ ለሜኑ ትንከራተታለች። ብሩሿ የመርፌ ጫፍ ታህላለች።

«እንጃ። እኔ ካሜራ እንጂ ኮምፒውተር አልነካም። ደንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ የቸሩ ፎቶ ብሩሽ አይነካውም።»

አንዱን ሜኑ ከፈተች፤ ዘጋች። ሌላ ከፈተች። ቸሩ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ስለ ኤግዚቢሽኑ ይነግራታል፣ ዓይኑ ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም። ብሩሿ አሁንም ያቺው መርፌ ናት። በመጨረሻ ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን በእሷ ላይ አሻግሮ፣ ኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ያለውን የቅንፍ ቁልፍ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ብሩሹ ሰፋ። ጃለኔ አመሰገነችውና ስለ ኤግዚቢሽኑ እንዲቀጥልላት ጠየቀችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም የኤልዳድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐሴት በቢቂላ አጃቢነት መጥታ በር ሥር ቆመች። ሙሐሲን በትእዛዟ ያተመውን ግድግዳ የሚያህል ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ አሮጌው ቤት ነው።

«ገዳዩ ይህን ፎቶ ነክቶታል» አለች ጃለኔ። «ሳጅን ቢቂላ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። እዚህ መስኮት ላይ ያለ ነገር ለማጥፋት ብሩሹ እንዲሰፋ ፈለገ። በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ለዚህ የሚጫነው የቀኙ ቅንፍ ነው። ኤልዳድ ግን ቀኝ እጁ የኮምፒውተሩን መቀቢያ ብዕር ይይዛል፣ ግራው እስከዚያ ጥግ መሻገር ይታክተዋል። ስለዚህ ማስፊያውን ወደ ግራ እጁ አመጣው፤ በቅንፉ ላይ ደግሞ ቀለሙን የሚያሳሳውን ትእዛዝ አኖረበት።»

«እና?» አሉ ወይዘሮ አይናለም።

«እናማ ሰውየው ቅንፉን ደጋግሞ መታው። ብሩሹ አልሰፋም፤ ቀለሙ ግን በየምቱ እየሳሳ ከመቶ ወደ ሠላሳ ወረደ። አላስተዋለም። በማውዝ አስፍቶት ቀባ። መስታወቱ ጨለማ፣ ስክሪኑ ደብዛዛ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ አለ። የጠፋ መሰለውና ወጣ። ሐሴት ብትሆን በዚህ ኪቦርድ ላይ አትሳሳትም፤ ሌላ አታውቅማ። ዛሬ በእኔ ላፕቶፕ ላይ እንኳ የኤልዳድን ቁልፍ ነው የጫነችው።»

ቢቂላ አንገቱን ደፋ።

«ስለዚህ የምፈልገው ሙያውን ሌላ ቦታ የተማረና የማያውቅ መስሎ የኖረ ሰው ነው። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ባለሙያም ጀማሪ ሲደነባበር አይቶ እጁን መሰብሰብ አይሆንለትም። አቶ ቸሩ፣ ብሩሼን ያሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ አይናለምን ጠይቄ ቀድሞ ወደ ሠሩበት የወሎ ሰፈር ማተሚያ ቤት ደወልኩ። ከአሥር ዓመት በፊት እዚያ አምስት ዓመት ፎቶ ሲያሳምሩ እንደነበር ነገሩኝ።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አለ ቸሩ። ድምፁ ግን ሰልሎ ነበር።

«አይሆንም። ማስረጃው ይኸውና።» ጣቷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ስክሪኑ ላይ ያልታየው ወረቀቱ ላይ ስስ ጥላ ሆኖ ወጥቷል። ፎቶውን የሚያነሣው ሰው መስታወቱ ውስጥ ቆሟል፤ ካሜራው ዓይኑ ላይ፣ በብብቱ ሥር ክራንች። ሐሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱ ነው ያነሣው» አለ ሙሐሲን ቀስ ብሎ።

ቸሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ተናገረ። ኤልዳድ ፎቶውን እስቲ ተመልከትልኝ ብሎ ከሰጠው ሰንብቷል፤ በክራንች የሚሄድ ሰው ካሜራ ይዞ ይዞራል ብሎ ማን ይገምታል? ስሙን ለጠፈበት። ዛሬ ረፋዱን ኤልዳድ ጠርቶት መስኮቱን አጉልቶ አሳየው።

«አልጮኸብኝም እኮ» አለ። «ስሜን ከታች ጻፍልኝ ብቻ ነው ያለኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ታየኝ።»

ቢቂላ ካቴናውን ለቸሩ አጠለቀለት። እናትየዋ ካሉበት ጣቢያ ድረስ ሐሴትን ያደረሰቻት ጃለኔ ራሷ ናት። እናት ልጃቸውን አንገቷን ይዘው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ኢንስፔክተሯንም መረቁ። ሐሴት ግን አልሳቀችም።

«እጄን አበላሸኸው ብዬዋለሁ» አለች። «ያወጣኝ ግን እሱ ያስተማረኝ ነው። ይቅርታ እንኳ ሳልለው።»

ጃለኔ ወደ ቤታቸው የሚወስዳቸው ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ከእናትና ልጅ ጋር ቆመች።