በሟቹ ቋት የገባው ጥናት

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው የጥናት ጽሕፈት ቤት ጥበቃ በማለዳ በሩን ሲከፍት፣ ዶክተር ካሣሁን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግንባራቸውን ኪቦርዱ ላይ ደፍተው አገኛቸው። ስክሪኑ አልጠፋም ነበር። በአጠገባቸው የዝንጅብል ሻይ የያዘ ፔርሙዝ ቆሟል፤ በክዳኑ ውስጥ የቀረችው ሻይ ቀዝቅዛ ጠቁራለች።

መርማሪ ራሂማ አብዱረህማን የሞያሌ ልጅ ናት፤ የናይሮቢ ፖሊስ አማርኛ የሚሻ ጉዳይ ሲገጥመው የሚጠራው እሷን ነው። እሷ ስትደርስ ግን የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩን ዘግቶት ጠበቃት። ሻዩ ውስጥ ሟቹ ለልባቸው የሚወስዱት መድኃኒት ከልክ በላይ ተጨምሯል። ኮምፒውተራቸው ላይ ደግሞ የዚያን መድኃኒት ገዳይነት የሚያትት ጥናት ተቀምጧል። በዕለቱ በዚያ ኮምፒውተር ስትሠራ የዋለችው ሙርሺዳ የተባለች ወጣት ረዳት ናት፤ ፔርሙዙን የሞላችውም እሷው፤ አለቃዋ ደጋግመው ይቆጧት እንደነበርም ሁሉም መስክሯል። አዛዡ ልጅቷን አስሯታል፤ ነገ በነፍስ ግድያ ከሷት ፍርድ ቤት ያቀርባታል።

«እስከ ምሽት ታገሠኝ» አለችው ራሂማ በስዋሂሊ። ትከሻውን ነቅንቆ ፈቀደላት።

ጽሕፈት ቤቱ የሚያጠናው ነጋዴዎች የጎተራ እህል ላይ የሚነሰንሱት ፀረ ተባይ በሕፃናት ላይ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን ነበር። የሚሠሩበትም አራት ብቻ ናቸው፦ ኃላፊው ካሣሁን፣ የሕፃናቱን ምዕራፍ የጻፈችው ምክትላቸው ሠርክ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ፊሊጶስ፣ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ተወልዳ ያደገችው ሙርሺዳ። አራቱም ለወራት የተማረሩበት አንድ ነገር ነበር፤ የጥናት ዋቢዎችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር ከብሮውዘሩ ጋር አንድ ቀን ይግባባል፣ አንድ ቀን ይኮራረፋል።

ሙርሺዳ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣ ነበር።

«ዶክተሩ ለምን ይቆጡሽ ነበር፣ ልጄ?»

«በሰው ስም ነው፣ ኢንስፔክተር። ብሮውዘሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስንጫን ጥናቱ ከነደራሲው ወደ ዋቢ ቋታችን ይገባል። ግን የሐበሻን ስም ትገለብጠዋለች፤ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ ታስቀድማለች። ዶክተር ያንን ሳያቃኑ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ‹አባቱን ጠርተሽ ልጁን ደጅ አስቀረሽው› ይሉኛል። እኔ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ስኩል ስማርም በአባቴ ስም ነበር የምጠራው፣ ዓይኔ ለምዶታል።»

«ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ብሮውዘሩ አፕዴት አድርጎ ቁልፏ ሞተች። ነቀልኳት፣ መልሼ ጫንኳት፣ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ዋፒ! ምንም የለም። ዶክተርም ‹በቃ በጥናቶቹ መለያ ቁጥር እያስገባሁ እሠራለሁ› አሉኝ።» አመነታች። «እትዬ ሠርክ ግን ኮሪደር ላይ ስትጠይቀኝ ‹ኢኮ ሳዋ፣ ተስተካክሏል› አልኳት። ምላሷን ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ደግሞ አንዳንዶቹ ጥናቶች በማንም ማሽን አይመጡም፤ ሰው ሶፍትዌሩን ብቻ ነው የሚራገመው።»

ራሂማ ከዚያ ወደ ሁርሊንግሃም ተመለሰች። ሰማዩ ጠቁሮ ከጣሪያዎቹ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ዝናቡ ግን አልጣለም።

ፊሊጶስ በሐዘኑም መካከል ቀልድ የማይለየው ሰው ነበር። «ሶፍትዌሩና ብሮውዘሩ ተፋትተው አንድ ግቢ እንደሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው» አላት። «ያለ ሽማግሌ አይነጋገሩም። ሽማግሌዋ ቁልፏ ናት።» ሶፍትዌሩ በዚያው ማሽን ላይ ክፍት ከሆነ ቁልፏ ጥናቱን እዚያ ታደርሳለች። ዝግ ከሆነ ደግሞ በኢንተርኔት አድርጋ ፈቃድ ለሰጣት ሰው ቋት ትልከዋለች፤ ፈቃዱም ሆን ብለው ካልሰረዙት አይጠፋም። የዶክተሩ ቁልፍ እንዳልዳነች ያውቅ ነበር፤ ራሳቸው ነግረውታል። የይለፍ ቃላቸውን ማን እንደሚያውቅ ስትጠይቀው ወደ ግድግዳው በአገጩ አመለከተ። ትልልቅ ፊደላት የተጻፉባት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች።

ሠርክ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀበለቻት። ድምፅዋ የረጋ ነው።

«ልጅቷን ያለ ጥፋቷ ነው ያሰራችኋት» አለች። «ዶክተር ካሣሁን ደክሟቸው ነበር፤ ራሳቸውን ነው ያጠፉት። ስለ መድኃኒቱ የሚናገረውን ጥናት ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። የደራሲው ስም እንዴት እንደተቃና አላዩም? ያ የእሳቸው እጅ ነው።»

«ቁልፏ ትሠራ ነበር?»

«ሙርሺዳ ጠግናት ነው የወጣችው። ከአፏ ሰምቻለሁ።»

ራሂማ አመስግና ወጣች፤ ከዚያም በሟቹ ወንበር ተቀምጣ በሩን ዘጋች። ክፍሉ ውስጥ አሁንም የዝንጅብል ሽታ አለ። የተባለው ጥናት በቋቱ ውስጥ ነበር፤ የሐበሻው ደራሲ ስም ተቃንቷል፣ የድረ ገጹም ቅጂ አብሮት ተያይዟል። ቁልፏን ተጫነችው። «መላክ አልተቻለም» የሚል ግራጫ ጽሑፍ ብቅ አለ። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ነው። ቀጥላ አንድ ሌላ ጥናት በመለያ ቁጥሩ አስገባች። ገባ፤ የገጽ ቅጂ ግን አልተከተለውም። ከዚያ የሠርክን ምዕራፍ ከፍታ ዋቢዎቹን አንድ በአንድ ትፈልግ ጀመር።

ሲመሻሽ ሁሉም በስብሰባው ክፍል ተሰበሰቡ። አዛዡ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሙርሺዳ በፖሊስ ታጅባ መጥታ ጥግ ይዛለች። የሟቹ ስክሪን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል።

«እኔ ሶፍትዌር አላውቅም» አለች ራሂማ። «እስቲ አስተምሩኝ። ሶፍትዌሩን ዝጉት፤ በየላፕቶፓችሁ የወደዳችሁትን ጥናት ክፈቱና ቁልፏን ተጫኑልኝ።»

ሙርሺዳ ተጫነች፤ ጥናቱ በራሷ ቋት ገባ። ፊሊጶስ ቋት እንኳ አልነበረውም፤ የእሱ ቁልፍ ፈቃድ ጠይቃ ቆመች። ሠርክ ትከሻዋን ሰብቃ ተጫነች።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያም ግድግዳው ላይ፣ በሞተው ሰው ቋት ውስጥ፣ አንድ አዲስ መስመር በዝምታ ብቅ አለ።



«እትዬ ሠርክ» አለች ራሂማ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያ የመድኃኒት ጥናት የገጹ ቅጂ ተያይዞበታል፤ ስለዚህ የገባው በቁልፏ ነው። የዶክተሩ ቁልፍ ግን እስካሁን አልዳነችም። ከእሳቸው ኮምፒውተር አልመጣም ማለት ነው፤ በእሳቸው ስም ፈቃድ ከተሰጠው ሌላ ማሽን ነው የተላከው። ያ ፈቃድ ሳይሰረዝ እርስዎ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ አሁን ሁላችንም አየን። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ነበረ፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ነገር ግን የላከው ሰው የደራሲውን ስም አቃንቷል። ሙርሺዳ ይህን የምትረሳ በመሆኗ ስትወቀስ የኖረች ናት። ፊሊጶስ ዋቢ ነክቶ አያውቅም። ደግሞም እሱ ቁልፏ እንዳልሠራች ያውቅ ነበር፤ ዶክተሩ ያስገቡት ሊያስመስል ቢፈልግ ኖሮ በቁጥር ያስገባ ነበር። ተጠግናለች ብለው ያመኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዲያ ያሳመነችዎ ደግሞ ምላስዎን የፈራች ልጅ ናት።»

«እኔ ለምን እገድላቸዋለሁ?»

«እምቢ ባሉት ጥናቶች ምክንያት። በማንም ማሽን አልመጣ ያሉት ሁሉ የእርስዎ ምዕራፍ ላይ ያሉ፣ ‹ፀረ ተባዩ ሕፃናትን አይጎዳም› የሚሉ ናቸው። ለወራት ጥፋቱ በሶፍትዌሩ ሲላከክ ኖረ። ትናንት ዶክተሩ ቁልፏን ትተው በመለያ ቁጥር መፈለግ ጀመሩ፤ ቁጥሮቹም ወደ የትም አልወሰዷቸውም። እኔም ዛሬ ፈለግኋቸው። የሉም። ተጽፈው አያውቁም።»

ሠርክ ላፕቶፗን ዘጋች።

«ጉዳት እንደሌለው እርግጠኛ ነበርኩ» አለች። «ማስረጃው ይመጣል ብዬ ቦታ ያዝኩለት። አልመጣም። ትናንት ጠርተው ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አሉኝ። ሻዩ ኮሪደሩ ላይ ነበር።»

አዛዡ ክንዷን ይዞ አስወጣት። ስታልፍ ሙርሺዳን አላየቻትም።

ፊሊጶስ ፕሮጀክተሩን ለማጥፋት ሲነሣ ሙርሺዳ በእጇ ከለከለችው። ወደ ሟቹ ክፍል ገብታ ወደ ወንበራቸው ሄደች፤ ለመቀመጥ ግን አልደፈረችም። ቆማ ጎንበስ አለች። ሠርክ አሁን የላከችው ጥናት ደራሲ ሐበሻ ነበር፤ ቁልፏም እንደ ልማዷ ገልብጣዋለች።

ልጅቷ የአባቱን ስም ወደ ኋላ መለሰች፤ ልጁን አስቀደመች። ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፤ ከውጭ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ።