እመቤት አፏን የከፈተች ቀን

መስታወት ቆራጩን ወደ ቤታችን ያመጣችው አንዲት የውሃ ጠብታ ናት። ሰዎች «አንቺ ነሽ ያገናኘሻቸው» ሲሉኝ ዝም እላለሁ፤ ምስጋና መቼ ይጠላል? እውነቱ ግን የጠብታዋ ነው።

እህቴ ከእኔ አሥር ዓመት ትበልጣለች። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጀሶ ለብሶ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መንጋጋ ስትቀርጽ ትውላለች። ከዚያ ቤት ትገባና ዓሣዎቿ ፊት ትቀመጣለች። ከማይናገር አፍ ወደማይናገር አፍ ማለት ነው። እሷም ብትሆን ወሬ አትወድም። ለሁለታችን የተሰጠውን ወሬ እኔ ብቻዬን ወስጄው መሰለኝ።

ዓሣዎቹ ሲክሊድ ይባላሉ። ዘራቸው ከአንድ ትልቅ የአፍሪካ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻ ነው አሉ። አራት ነበሩን። ወንዱ ሰማያዊ ሆኖ ጥቁር ሰንበር አለው፤ ድንጋዩን ሁሉ «የኔ ነው» ብሎ ሌሎቹን ሲያባርር ስለሚውል «ፖሊሱ» አልኩት። ከሦስቱ ሴቶች ብርቱካንማዋ ደግሞ «እመቤት» ናት። አዋዋኗ ነው ስሙን ያወጣላት፤ ቀሚሷ መሬት እንዳይነካባት የምትጠነቀቅ ሴትዮ ነው የምትመስለው።

ያን ሰሞን እመቤት መብላት አቆመች። ምግብ ሲበተን ሌሎቹ ይራኮታሉ፤ እሷ ጥግ ይዛ ታያለች። አፏ ግን ማስቲካ እንዳለበት ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

«አሟታል እንዴ?» አልኩ።

«አፏ ውስጥ ልጆች አሉ» አለች እህቴ።

ሳቅኩ። ከዚያ ጠጋ ብዬ ጉሮሮዋን ሳየው እውነትም እንደ ከረጢት ተነፍቷል። እንቁላሎቹን ከጣለች በኋላ በአፏ ለቅማ ትይዛቸዋለች፤ ተፈልፍለው እስኪዋኙ ሦስት ሳምንት ያህል አትበላም። ከደነገጠች ግን ትተፋቸዋለች፣ ወይም ትውጣቸዋለች። እመቤት ሁለት ጊዜ ውጣቸዋለች። አንዴ እናቴ በር ስታላትም፤ እናቴ ግን «ንፋስ ነው» ብላ እስካሁን ትከራከራለች። አንዴ ደግሞ እኔ መስታወቱን በጣቴ ሳንኳኳ። እህቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ መኮረፏን ለማወቅ ራሱ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ይህ ሦስተኛው ነበር። እህቴ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝና «አንቺ ጻፊ» አለችኝ። የካሳ ያህል ቆጠርኩት። ቀን አንድ፦ አልበላችም። ቀን ሁለት፦ አልበላችም። ቀላል ሥራ ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የዓሣዎቹ የመስታወት ቤት፣ የአኳሪየሙ፣ ማዕዘን ላይ ያቺ ጠብታ ታየች። ወዲያው ሌላ ተከተለች።

«ያፈሳል» አለች እህቴ፤ ለእሷ ረጅም ንግግር ነው።

የእናቴ ሁለት ትልልቅ የልብስ ሳፋዎች ተነጠቁ። እመቤት ለብቻዋ በአንዱ፣ ሌሎቹ በሌላኛው ገቡ። እንዳይዘሉ አሮጌ የመስኮት መጋረጃ ተደረበባቸው።

«ልብሱንስ በምን ልጠበው? በማንኪያ?» አለች እናቴ።

«ጥቂት ቀን ነው፣ እማ።»

«ሳፋዎቼን በጤናቸው እንዳገኛቸው!»

እኔ ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ ዳቦ ቤት ነው የምሸጠው። ፊት ለፊታችን አንድ መስታወት ቆራጭ አለ፤ ከአሥር ጣቶቹ ሦስቱ ሁልጊዜ ፕላስተር ለብሰው ነው ዳቦ የሚቀበሉት። በልቤ «ባለ ፕላስተሩ» እለዋለሁ። እሱን ይዤው መጣሁ።

«ይግቡ» አለችው እህቴ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

ገባ። ወደ አኳሪየሙ ይሄዳል ስንል ሳፋው ጋ ቆመ።

«ይቺ ለምን ለብቻዋ ሆነች? አጥፍታ ነው?»

«አፏ ውስጥ ልጆች ይዛለች።»

ሰውየው አልሳቀም። ዕቃውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረና ተንበረከከ።

«ስንት?»

«እንጃ። ሠላሳ ይሆናሉ።»

«ይዛ ስንት ቀኗ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ምንም ሳትበላ?»

«ምንም።»

«እሷን የሚያባብላት የለም?»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። አየችው ስል ዝም ብሎ ማየት እንዳይመስላችሁ፤ ለአንድ አፍ የሚገጥም ጥርስ ስትመርጥ እንደምታየው ነው ያየችው።

ከዚያ የማላውቃት እህት መናገር ጀመረች። ውሃቸው ጠንካራ መሆን እንዳለበት፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ውስጥ የኖራ ድንጋይ እንደምታስቀምጥ፣ ፖሊሱ ጠጠሩን በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ነገረችው። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። እኔ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ አጣሁ።

«ከታች ክንፉ ላይ ያሉት ቢጫ ነጥቦችስ?» አለ ወደ ፖሊሱ እያመለከተ።

«የውሸት እንቁላል ናቸው። እሷ የራሷን ለቅማ ስትጨርስ እነሱም የቀሩ ይመስሏትና ልትለቅም አፏን ከፍታ ትጠጋዋለች። እሱም ያኔ...»

ቆመች። ጆሮዋ ቀላ።

«ያኔስ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂና ውሃ ቅጂ!»

ባለ ፕላስተሩ ሲሊኮን የሚሉትን የመስታወት ማጣበቂያ ሊያወጣ ሣጥኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀበረ። ትከሻው ግን ይስቅ ነበር።

የተላጠውን ማዕዘን ፍቆ አዲስ ሲሊኮን አጠጣው። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። «ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካው» አለ። በማግስቱ መጥቶ በጣቱ ነክቶ አየው። ዓርብም መጣ፤ ፖሊሱ እመቤት ጋ እንዳይደርስ ብሎ መካከል ላይ የሚቆም መስታወት ለክቶ ቆርጦ አመጣላት።

«ሲሊኮን እንደ ሕፃን በየቀኑ ይጎበኛል እንዴ?» አልኩት።

«ይጎበኛል» አለ፣ እሷን እያየ።

«ቅዳሜስ ትመጣለህ?» አለች እህቴ። «ይግቡ» የተባለው ሰውዬ በሦስት ቀን «አንተ» ሆኗል። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ ብቻ።

ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ውሃው ጠዋት ተሞላ። ቤቱ የእሱ ነውና መጀመሪያ ፖሊሱ ገባ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳፋው እየቀዘቀዘ ስለሆነ እህቴ እመቤትን ልታስገባ ተነሳች። በመረብ መያዝ ያስደነግጣታል ብላ በጎድጓዳ ሳህን ከነውሃዋ ቀስ አድርጋ ቀዳቻት። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ፖሊሱ ማንንም አላባረረም፤ ላይ ላዩን አፉን እየከፈተ ነበር። አዲስ ቤት ሆኖበት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ያለቦታው ዝም ያልኩት ያን ቀን ነው።

ደረጃው ላይ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። በሩ ክፍት ነበር። ባለ ፕላስተሩ ደፉ ላይ ደርሶ፣ አፉ ለጩኸት ተከፍቶ፣ ድርቅ አለ። እህቴ ሳህኑን ከውሃው በላይ ይዛለች። ከጮኸ እመቤት ትውጣቸዋለች። ካልጮኸ ትገባለች።

አፉን ገጠመው። ጫማውን እዚያው ተወና በእግር ጣቱ መጥቶ መዳፉን በሳህኑና በውሃው መካከል አስገባ።

«አታስገቢያት» አለ፣ በሹክሹክታ። «መርዝ አለበት። ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ለእህቴ ስጦታ ሊገዛ የአኳሪየም ዓሣ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄዶ ኖሯል፤ ዓሣዎች የሚደበቁባት የሸክላ ዋሻ። ሻጩ ወሬ ሲያወራ «ማዕዘኑን በየትኛው ሲሊኮን አጣበቅከው?» ይለዋል። ለመታጠቢያ ቤት በሚጠቀምበት። «እሱ እኮ ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት አለበት። ሻጋታን የገደለ ዓሣን ይምራል?» ያኔ ነው የሮጠው። ዋሻዋ እስካሁን እጁ ላይ ናት።

እህቴ እመቤትን ወደ ሳፋው መለሰቻት። ጉሮሮዋ አልጎደለም። ፖሊሱን አወጣነው። ውሃ ቀየርንለት፣ የአየር ፓምፑን አጠገቡ አደረግንለት፤ ግን ምሽቱን አላለፈም። ሰማያዊው ቀለሙ ሲጠፋ አየሁ። ዓሣ እንዲህ እንደሚገረጣ አላውቅም ነበር።

«እኔ...» አለ ባለ ፕላስተሩ።

«ሂድ» አለች እህቴ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ዋሻዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

«እኔ ያየሁት ሰው ብዙ ነው» አለች እናቴ፣ ሸሚዝ በባልዲ እየጨመቀች። «ያጠፋ ወንድ ደረጃ ሲወርድ እንጂ ሮጦ ሲወጣ አላየሁም።»

እህቴ የውሃ ማሞቂያውን ከአኳሪየሙ አውጥታ ሳፋው ውስጥ አደረገች።

ከሰኞ ጀምሮ ባለ ፕላስተሩ ዳቦ ቤት አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ በመንገዱ ማዶ ያየኛል። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቅንድቡን ያነሳል። «እንደያዘች ናት?» ማለቱ ነው። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። «እንደያዘች ናት።» ዳቦ የሚገዙ ሴትዮ «የጥርስ ሕመም ነው?» አሉኝ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ደብተሩን ስጽፍ እህቴ ከኋላዬ ቆመች።

«ዛሬም ጠየቀ?»

«ማን?» አልኩ፣ ላናድዳት ብዬ።

«አንቺ!»

«በየቀኑ ይጠይቃል።»

«ሌላስ? ምን ይላል?»

«ምንም። አዲስ አኳሪየም ሠርቶ ውሃ ሞልቶበታል። ዓሣ ሻጩ ሦስት ዓሣ አውሶት ውስጡ ይዋኛሉ፤ ሳምንት ካልኖሩ አኳሪየሙን ለማንም አልሰጥም ብሏል አሉ። ወንበር ስቦ ሲያያቸው ይውላል። ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረው።»

እህቴ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው።

«መርዙን ሳይናገር ዝም ቢልስ ኖሮ?» አለች። «እኔ እኮ አላውቅም ነበር። ዓሣ ይሞታል፣ ብዬ እተወው ነበር።»

ጥያቄው ለእኔ ስላልነበረ አልመለስኩም። እያደግኩ ነው።

ሃያ አንደኛው ቀን ሰኞ ነበር። እህቴ ለምሳ መጣች፤ መጋረጃውን ገልጣ አየችና ጀሶ ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ጥሪው» አለችኝ። ብቻ። ማንን አላለችም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ወረድኩ።

መንገዱን ስሻገር እጄን አፌ ላይ አደረግኩና ከፈትኩት። ባለ ፕላስተሩ የያዘውን ማስመሪያ ጣለ።

ሲገባ ጫማውን በር ላይ ተወ። ሳፋው ውስጥ እመቤት፣ ሆዷ ተጣብቆ ጭንቅላቷ ብቻ የቀረ፣ እሱ ያመጣት ዋሻ አፍ ላይ ቆማለች። ዙሪያዋን ሩዝ የሚያካክሉ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ዓይን አላቸው። ሁሉም ዓይን አላቸው!

ጎንበስ ሲል ጥላው ውሃው ላይ ወደቀ። እመቤት አፏን ከፈተች፤ ልጆቹ ሁሉ እንደ ጭስ ተሰብስበው ተመለሱባት።

እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔን ፈርተው ነው። ልሂድ።»

«አትሂድ» አለች እህቴ። እጅጌውን ያዘችው። «እዚህ ቁም። አትንቀሳቀስ።»

ቆመ። ቆመች። እጅጌውን አልለቀቀችም። አንድ ትንሽ ጭንቅላት ከእመቤት አፍ ብቅ አለ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሁሉም ውሃው ውስጥ ተበተኑ፣ ጥላው ሥር ሳይቀር።

«ሠላሳ አይደሉም» አለ፣ በሹክሹክታ። «አርባ አንድ ናቸው።»

«አርባ ሁለት። አንዱ ከዋሻዋ ኋላ ነው።»

እህቴ የምግቡን ቆርቆሮ ከፍታ ዘረጋችለት።

«የመጀመሪያውን አንተ ስጣት።»

እጁን አየ። እሷን አየ። ሊታጠብ ሄደና ሳሙና ሲያነሳ «ሳሙና አይደለም፣ በባዶ ውሃ!» ብዬ ጮህኩ፣ በቀስታ። እጁን እንደ ሐኪም አለቅልቆ ተመለሰ። ጣቱ ላይ አዲስ ፕላስተር አልነበረም። ሁለት ፍሬ ምግብ ውሃው ላይ አኖረ። እመቤት አየቻቸው፤ አሰበች፤ ከዚያ ዋጠች።

ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ቀን ሃያ አንድ፦ በላች።

አዲሱ አኳሪየም ዛሬ በእህቴና በባለ ፕላስተሩ ቤት ነው። ከልጆቹ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ሰንበር አውጥቷል፤ ሌሎቹን ማባረር ጀምሯል። ስሙን ማውጣት አላስፈለገኝም።

ባለ ፕላስተሩ እናቴን ሊያናግር የመጣ ዕለት ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ላቡ እየወረደ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ፣ እህቴን እንዴት እንደሚይዛት ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ እህቴ የወለሉን ምንጣፍ ክር ትቆጥራለች፣ እኔ ከበሩ ኋላ ነኝ።

«ይሁን፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «እሷንስ ወሰድክ። ሳፋዎቼ ግን መቼ ነው የሚመለሱት?»