የገለማ ግልገሎች

ከሊል ቅርጫቱን በመኪናው የኋላ በር ለአስተርጓሚዋ አቀበላት። በጨርቁ ሥር ሁለት የቀይ ቀበሮ ግልገሎች ተጣብቀው ይተነፍሳሉ።

«ግባ፣ እስከ አስፋልቱ እናድርስህ» አለው እንደሻው መሪውን እንደያዘ።

የገለማን ተራራ ጉም ሸፍኖታል። እንደሻው የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ፈረንጅ በየሞቃታማው አገር ፓርኮችንና የተከለሉ ባሕሮችን እየዞረ ይጎበኛል። እሱ ከረገጠው ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ይጠፋል፤ ከአንዱ ባሕር የኤሊ ጫጩቶች፣ ከአንዱ ደን በቀቀኖች። አስተርጓሚዋ በምስጢር በምትሠራለት የፀረ ኮንትሮባንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ስሙ «ባሕረኛው» ነው።

እሷን ማሂ ይሏታል፤ ለእንደሻው አራት ወር የሠራች አስተርጓሚ። ከሊል የፓርኩ ጠባቂ ነው፣ የምስጢር ስሙ «አስታ»። ግልገሎቹን የሸጠ እንዲመስል በስልክ መልእክት ታዟል። መልእክቱን የምትልክለት ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ መሆኗን ግን አያውቅም። ፖሊሶች መኪናውን የሚጠብቁት ታች ዴራ ከተማ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የእንደሻው ስልክ ጮኸ። መልእክቱን አነበበና መኪናውን አቆመ።

በሮቹ ተቆለፉ።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሰላይ ናችሁ አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ወሬውን የሸጠለት ከራሷ መሥሪያ ቤት የሆነ ሰው ነው፤ የሰላዩን ስም ብቻ አልነገረውም። እንደሻው ሽጉጥ አወጣ።

አፈሙዙ ወደ ማሂ ዞረ።

እኔ ነኝ ብትል እሷም ከሊልም ተገድለው እዚያው ይቀራሉ፤ ግልገሎቹም ባሕር ይሻገራሉ። 

«ልጅቷን ተዋት» አለ ከሊል። «እኔ ነኝ።»

ማሂ ቅርጫቱን ወደ ጭኗ ሳበች።

ጎትተው አወረዱት። ባሕረኛው የጎማ መፍቻ ይዞ ተከተለ። ለፖሊስ ምን እንደተናገረ ሲጠይቁት አልመልስ አለ። ጉልበቱን ደጋግመው ሲመቱት ነው አፉን የከፈተው።

«ነገ ትወርዳላችሁ ነው ያልኳቸው። ዛሬ ማንም አይጠብቃችሁም።»

ውሸት ነበር። የገባት ማሂ ብቻ ናት።

እዚያው ሣሩ ላይ ጥለውት ተነሡ። ቅርጫቱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ጉሙ ሲውጠው አየች። የበሩን እጀታ አልነካችም።

ዴራ ላይ መኪናው ተከበበ። እሷም ከእነሱ ጋር ካቴና ገባባትና ምንም የማታውቅ አስተርጓሚ ተብላ ተለቀቀች። የሸጣት ባልደረባ ማንነት ከእንደሻው ስልክ ታወቀ። ግልገሎቹ በማግስቱ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ከሊልን ከብት የጠፋባቸው ሰዎች አግኝተው አሰላ አወረዱት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ማሂ አካባቢውን እንድትለቅ ከመሥሪያ ቤቷ ታዛ ነበር። እሷ ግን ከቀናት በኋላ ከሊል ወደተኛበት ሐኪም ቤት ሄደች።

አወቃት። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ እህቴ» አላት። ከዚያ ጥቂት አስቦ፣ «ያ መልእክት የሚልክልኝ ሰውዬ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም» አለ።

ማሂ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለችው።

ከሰዓት መናኸሪያ ሄዳ በሌላ ስም ቲኬት ቆረጠች።