ስም የሌላቸው ብልቃጦች

ወይዘሮ አመተማርያም በሽቶ መቀመሚያ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው የተገኙት ዓርብ አመሻሽ ነው። ራሳቸው ከድንጋይ ሙቀጫው አጠገብ ተፈንክቷል። ወድቀው ነው እንዳይባል ሐኪሙ ሁለት ቁስል አገኘ፤ ሰው ደግሞ በአንድ ሙቀጫ ላይ ሁለቴ አይወድቅም። ሬሳውን ያገኘችው አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅና ከሦስቱ ተማሪዎቻቸው አንዷ የሆነችው ዝናሽ ነበረች። ሕፃን ልጇን አዝላ ከወንዝ ልብስ አጥባ ስትመለስ ማንም አላያትም። ያገኘ ገደለ ማለት ድካም ይቀንሳልና እሷው ታሰረች። ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ሕፃኑ ገና ጡት አልተወም።

ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ክፍሉን ዞራ አየች። በመደርደሪያው ላይ ሠላሳ ብልቃጦች በየሽታ ወገናቸው ተሰልፈዋል፤ አበባው ከአበባ፣ ሙጫው ከሙጫ፣ እንጨቱ ከእንጨት፣ ከእንስሳ የሚገኘው ከእንስሳ። አንዱም ስም አልተጻፈበትም። ሟቿ ለተማሪዎቻቸው፣ ዓይን ካነበበ አፍንጫ ይሰንፋል ይሉ ነበር። ከአንድ የተሰበረ ብልቃጥ የፈሰሰ ዘይት ከነጠላቸው ሥር ገብቷል፤ የሌሎቹም ብልቃጦች መቀመጫ በዚያው ዘይት ርሷል። መደርደሪያው በግብግቡ ወድቆ ኋላ የተስተካከለ ነው ማለት ነው።

ዓለሚቱ ሁለተኛዋን ተማሪ ሊድያን አስጠርታ ሁሉንም አስሸተተቻት። ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች ከአበባው ረድፍ አንድ ብልቃጥ አወጣች፤ ቦታው እዚህ አይደለም አለች።

ሦስተኛው ተማሪ ፋሲል ከረቡዕ ጀምሮ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንደነበረ፣ መርዶውንም እዚያው እንደሰማ ተናግሮ ነበር። እሑድ ከሰዓት ሦስቱም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ዝናሽ ሕፃኗን ታቅፋ በፖሊስ ታጅባ መጣች።

ዓለሚቱ ብልቃጡን ለፋሲል ሰጠችው። «ወገኑ ምንድን ነው?»

ከሦስቱ አፍንጫው የሚበልጠው እሱ ነው፤ ይህንንም ያውቃል። አንዴ ብቻ አሸተተና «አበባ» አለ።

ዝናሽ ብልቃጡን ከእጁ ተቀብላ አሸተተች። «የጥርኝ ዝባድ ነው። እትዬ ሐሙስ ዕለት በዘይት ያቀጠኑት። ወፍራሙ ይከረፋል፤ ሲቀጥን አበባ ይመስላል።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ዓለሚቱ። «ገዳዩ ጠብ ያልነበረ ለማስመሰል ብልቃጦቹን መልሶ ደረደረ። ስም የሌለውን በየወገኑ መደርደር የምትችሉት ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ። ዝናሽና ሊድያ ዝባዱን ሐሙስ ተምረውታል፤ ከእንስሳው ወገን ያስቀምጡት ነበር። የሳተው የሐሙስ ትምህርት ያመለጠው ነው። ወንዛዬ ያሉትንም ሰዎች ጠይቄአለሁ፤ ፋሲል፣ ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ተመልሰሃል።»

ፋሲል ብዙ አልተከራከረም። ሙያቸውን ለዝናሽ ሊያወርሱ ነው ሲባል ሰምቶ ሊለምናቸው እንደመጣ፣ ንግግሩ ወደ ጠብ ሲዞር ገፍትሮ ሙቀጫው ላይ እንደጣላቸው፣ ሊነሡ ሲሉም ራሳቸውን መልሶ ከሙቀጫው እንዳጋጨው ተናገረ። ከዚያ ብልቃጡን እንደገና ተቀብሎ አሸተተ።

«እውነት ዝባድ ነው?»

«ዝባድ ነው» አለችው ዝናሽ። «ትምህርቱ ስላመለጠህ ላንተ ብለው ነው ያስቀመጡት። ‹የሱ አፍንጫ ካንቺ ይበልጣል፤ ቤቱን አብራችሁ ያዙት› ብለውኝ ነበር።»

ፋሲል ብልቃጡን መመለስ አቃተው። ፖሊሱ ጣቶቹን አላቅቆ ወሰደበት።