ስልኩ የሚያስገባው ሰው

ሩና አባቷን በጣም ትወዳቸዋለች፤ በስልክ ነገር ግን ያበሳጯታል። አቶ ኤይናር ዕድሜያቸውን ሙሉ ካናዳ ውስጥ ባለው ዊኒፔግ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። የሚደውልላቸው አጭበርባሪ ብቻ ነው። እሳቸው ግን አይዘጉበትም፤ ስለ በረዶው ውፍረት ያወሩታል።

«የዛሬው ልጅ ጨዋ ነው» አሏት አንድ ቀን። «የባንክ ካርዴን ቁጥር ጠየቀኝ እንጂ።»

«ሰጠኸው?»

«መነጽሬን ስፈልግ ሰለቸውና ዘጋው።»

በማግስቱ ሩና ጥሪ የሚከለክል ስልክ ልትገዛ ጊምሊ ከተማ ወዳለው የዕቃ መደብር ሄደች። ስልኩን ይዛ ተራ ስትጠብቅ ከኋላዋ የቆመ ቀጭን ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። የቤታችሁ ስልክ በኢንተርኔት ነው የሚሠራው?»

«አዎ። ግድግዳው ሥር አንዲት ጥቁር ሳጥን አለች።»

«እንግዲያው ይሄን አትግዢው። የማይፈለጉ ደዋዮችን ሳጥኗ ራሷ ታባርራለች።»

«ሊዮን፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ!» አለ ባለመደብሩ።

ሊዮን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበር። ሳጥኗን ሊያስተካክልላቸው ቅዳሜ ቤታቸው መጣ። ከሩና ጎን ተቀምጦ የሳጥኗን ማስተካከያ ገጽ በኮምፒውተር ከፈተ።

«እዚህ ጋ የምትፈልጓቸውን ቁጥሮች ጻፊ። ከእነሱ ውጪ ማንም ቢደውል ስልኩ ሳይጮኽ ይመልሰዋል።»

ጻፈች። ሊዮን ለመሞከር ከራሱ ሞባይል ደወለ። የቤቱ ስልክ ዝም አለ። በሞባይሉ ግን «ቱት ቱት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና ዓይን ለዓይን ተያይተው ቀሩ።

«ይሄንን ልጅ አስገቢው» አሉ አቶ ኤይናር ከወንበራቸው። «አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር ብሏል። የሚያወራው አያጣም።»

ሩና ቁጥሩን በገዛ እጇ ጨመረችው።

ስልኩ ጸጥ አለ። አቶ ኤይናርም አብረውት ጸጥ አሉ፤ አልፎ አልፎ እጀታውን አንስተው መሥራቱን ያዳምጡ ነበር። በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ጮኸ። ሩና ሮጣ አነሳችው።

«ሰላም ሩና። አባትሽ አሉ?»

ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲያ የበረዶውን ወራት ሙሉ ሊዮን እየደወለ ከአባቷ ጋር ስለ መረብ፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ዓሣ አወራ። አባቷ እንደ ድሮው መሳቅ ጀመሩ። ሩና ሰሃን እያጠበች ስትሰማቸው ደስ ይላታል፤ «አባትሽ አሉ?» ሲላት ግን ቅር ይላታል።

የበረዶው ወራት ሊወጣ ሲል አቶ ኤይናር ጠሯት።

«ያንን ገጽ ክፈቺና የሊዮንን ቁጥር አጥፊልኝ።»

«ምን አደረገህ?»

«ሰለቸኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ዓሣ ያወራል፤ ዓሣ የሚወድ ግን አይመስለኝም።»

ሩና ገጹን ከፈተች። ቁጥሩን አገኘችው። ጣቷ እዚያው ቆመ።

«ምነው፣ ከበደሽ?»

«አባዬ፣ አላጠፋውም።»

«ለምን?»

«ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ» አለች ወደ ጠረጴዛው አቀርቅራ።

«ታዲያ ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር ለምን ወደ እኔ ትወረውሪዋለሽ? ልጁ ከመዝጋቱ በፊት ሁልጊዜ ‹ሩና ደህና ናት?› ይለኛል። ‹ደህና ናት› እለዋለሁ። እኔ መልእክተኛ ነኝ እንዴ?»

ስልኩ ጮኸ። አቶ ኤይናር ኮፍያቸውን አድርገው ወደ ጎረቤት ወጡ።

«ሰላም ሩና። አባትሽ አሉ?»

«የለም። ቢኖርም አልሰጥህም ነበር።»

«አጠፋሁ እንዴ?»

«ዛሬ እኔን አናግረኝ።»

ሊዮን ወንበር ሲስብ ሰማችው።

«ስልኩን ቶሎ ስትሰጪያቸው እኔን ማናገር የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔ ደግሞ የምትፈልገው እሱን ብቻ መስሎኝ።»

«እሳቸውንም እወዳቸዋለሁ» አለ፤ ያመለጠችውን «ም» ራሱ የሰማት ዘግይቶ ነው። ሩና ሰምታለች። እስኪመሽ አወሩ።

በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ሲከፈት ሊዮን በአቶ ኤይናር ጀልባ ላይ «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ሽማግሌው መሪውን ይዘው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር። ሩና «እሺ» ስትል ሰሙ። ወደ ዳር ግን አልመለሷቸውም፤ «ገና የምናወራው አለ» ብለው ጀልባዋን አዙረው ወደ ሐይቁ መሀል ይዘዋቸው ሄዱ።