ማሽኑ ያላየው ጎን

አያ አዳሙ በገዛ ማሽናቸው አጠገብ፣ ቃሬዛ ላይ ነጠላ ለብሰው ተጋድመዋል። ቁስቋም መውጫ ላይ ያለው የምርመራ ማዕከል ባለቤት ነበሩ። ትናንት የማሽኑ ጠጋኝ ሙሉሰው «ከደረጃ ወድቀው አገኘኋቸው» አለ፤ በማሽኑ የራስ ሲቲ ስካን ተነሱ፤ ምስሉ ንጹህ ሆነና እዚያው ይረፉ ተባለ። ዛሬ ጠዋት ሞቱ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የራስ ቅላቸው በብረት ተመትቶ መሰንጠቁን፣ ሥሩም ደም መቋጠሩን አረጋገጠ።

ያንን ንጹህ ምስል ያነሳችው የማሽኑ ባለሙያ ሐመልማል ናት። መርማሪዋ የትነበርሽ ጨረር የማያሳልፈውን ከባድ በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ስትከት፣ ሐመልማል ከዚህ መስኮት አልባ ክፍል የምትወጣው በካቴና እንደሆነ ታወቃት። ምስሉን አይታ «ይረፉ» ያለችው ዶክተር ታየችና ሙሉሰውም አብረው ተቆልፎባቸዋል።

«ማሽኑ ደህና ነበር?» አለች የትነበርሽ።

«ሸጋ ነው» አለ ሙሉሰው፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ እየሳበ። «ባለፈው ሳምንት ጠግኜዋለሁ። ሙሉ ዙር ይዞራል።»

«አንቺስ እንዴት አስተኛሻቸው?»

«በጀርባቸው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ» አለች ሐመልማል። «እኔ ወደ መቆጣጠሪያው ስገባ ዶክተሯና ሙሉሰው አጠገባቸው ነበሩ።»

«ምስሉ ላይ የጨመርሽው ነገር አለ?»

«ጥላና ጭረት የሚያጠፋውን ማለስለሻ ተጫንኩ» አለች ሐመልማል።

«ማለስለሻውን አጥፊው።»

ምስሉ ሲመለስ ረጃጅም ጥላ ተጋድሞበታል። አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ከግራ ጆሮ ሥር ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረዋል።

«ማሽኑ እየዞረ ይለካል፤ ከልኬቱም ምስል ይሠራል» አለች የትነበርሽ። «መዝገቡን አየሁት፤ ግማሽ ዙር እንኳ አልዞረም። ጨረር ባላለፈበት አቅጣጫ ያለ ስንጥቅ ይሰወራል፤ የቀረውን ፕሮግራሙ ገምቶ ይሞላዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ራሳቸውን አዙሮ፣ እንዳይመለስ ልብስ ደገፈበት። ነጥቦቹ የዚፕ ጥርሶች ናቸው። የዶክተሯ ጋውን በክር የሚታሰር ነው። ሙሉሰው፣ ማሽኑ ሙሉ ዙር ያልዞረው ለጥገናው የተገዛውን አዲስ ዕቃ ሸጠህ አሮጌውን መልሰህ ስለገጠምክ ነው፤ አያ አዳሙ ሲደርሱብህ መታሃቸው።»

የሙሉሰው እጅ ዚፑ ላይ ቀረ። «ሆስፒታል ሄደው እንዳይናገሩ ብዬ እንጂ፣ እንዲሞቱስ…» አለ።

የትነበርሽ በሩን ከፈተች። «ሐመልማል፣ መሄድ ትችያለሽ።»

ሐመልማል አልተንቀሳቀሰችም። «ጥላው ይታይ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምነው?»

«ደብዛዛ ምስል ደንበኛ ያሸሻል፤ ሁሌም አለስልሺ ተብዬ ነው።»

«ማን ነው ያዘዘሽ?»

ሐመልማል በዓይኗ ወደ ቃሬዛው አመለከተች። «እሳቸው» አለች፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።